የኮሌስትሮል ቁጥርና የልብ ደም ቧንቧ ክምችት፦ በመካከላቸው ያለው ዘመን

ባለፈው ጥር በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሁለት የምርመራ ውጤቶችን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። አንደኛው የደም ምርመራ ሲሆን፣ በተለምዶ “መጥፎው ኮሌስትሮል” ከሚባለው ከኤልዲኤል ትይዩ 198 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሚል ቁጥር በቀይ ታትሞበታል። ሁለተኛው የልቡ ደም ቧንቧዎች በሲቲ ስካን ታይተው የተሰጠው ውጤት ነው፤ የካልሲየም ክምችቱ ዜሮ መሆኑን ይገልጻል። የአክስቴ ልጅ 44 ዓመቱ ነው፤ አያጨስም፣ ስኳርም ሆነ የደም ግፊት የለበትም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጣል። ሐኪሙ ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት እንዲጀምር ቢነግረውም እሱ ግን ልቡ አልተቀበለውም። “ቧንቧዬ ንጹሕ ከሆነ ቁጥሩ ምን ያደርገኛል? እስኪ አንቺ አንብበሽ ንገሪኝ” አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ በአንድ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ከወጣ ወዲህ፣ “ኤልዲኤል ከልብ ቧንቧ ክምችት ጋር ግንኙነት የለውም” የሚለው አባባል በማኅበራዊ ሚዲያ በየቋንቋው ተሰራጭቷል፤ በአማርኛም በቪዲዮ ሲነገር ሰምቻለሁ። ወደ ጥናቱ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ክምችቱ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚፈጠር በሚገባ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

ኮሌስትሮል በራሱ መርዝ አይደለም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ያለ እሱ አይቆምም፤ ሐሞትም፣ ቫይታሚን ዲም፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖችም የሚሠሩት ከእሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ደግሞ የራሳችን ሰውነት፣ በተለይም ጉበት ነው። ጉዳዩ ያለው በአጓጓዡ ላይ ነው። ዘይትና ውኃ እንደማይስማሙ ሁሉ ኮሌስትሮልም በደም ውስጥ ብቻውን መጓዝ ስለማይችል ፕሮቲን በለበሱ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ይዞራል። ኤልዲኤል ከእነዚህ እንክብሎች አንዱ ነው። እያንዳንዱ የኤልዲኤል እንክብል አፖቢ የሚባል አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ፕሮቲን ስለሚሸከም፣ በደም ውስጥ ያለውን አፖቢ መለካት እንክብሎቹን እንደ መቁጠር ይሆናል።

ብዙ ሰው ክምችቱን የሚያስበው በውኃ ቧንቧ ውስጥ እንደሚጋገር ዝገት አድርጎ ነው። ይህ ሥዕል ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ሰውን ይጎዳል። ክምችቱ ደም በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ሳይሆን በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ነው የሚበቅለው። የኤልዲኤል እንክብሎች ከማነሳቸው የተነሣ የግድግዳውን ውስጠኛ ሽፋን አልፈው ይገባሉ። ብዙዎቹ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ከሽፋኑ ሥር ባለው መረብ ተይዘው ይቀራሉ፣ እዚያም ይበላሻሉ። ሰውነት የተበላሸውን ነገር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይልካል፤ እነሱም ገብተው ይውጡታል፤ ውጠው ውጠው በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አረፋ የሞላባቸው እስኪመስሉ ድረስ ያብጣሉ፤ በመጨረሻም እዚያው ይሞታሉ። የሞቱት ሕዋሳትና የፈሰሰው ስብ ተቀላቅሎ የሚፈጥረውን ለስላሳ ነገር የጥንት ሐኪሞች ቧንቧውን በምላጭ ሰንጥቀው ባዩት ጊዜ ከግሪክኛ በተገኘ ቃል “አቴሮማ” አሉት። ትርጉሙ ገንፎ ማለት ነው፤ ለዓይንም ለጣትም እንደዚያ ስለሆነ።

ሰውነት ይህን ገንፎ ዝም ብሎ አይተወውም፤ ቁስል ሲሽር ጠባሳ እንደሚወጣ ሁሉ በጠንካራ ክሮች ይሸፍነዋል። ከዓመታት በኋላ ካልሲየም ገብቶበት የተወሰነው ክፍል ይጠጥራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቧንቧው ወደ ውጭ እየሰፋ ቦታ ስለሚሰጠው የደሙ መተላለፊያ አይጠብም፤ ስለዚህ ሰውየው ተራራ ቢወጣም ደረቱን አያመውም። አደጋው የሚመጣው ክዳኑ ሲሳሳና ድንገት ሲቀደድ ነው። ገንፎው ከደም ጋር በተገናኘ ቅጽበት ደም በላዩ ይረጋል፣ የረጋውም ደም ቧንቧውን ይዘጋል፣ ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻም መሞት ይጀምራል። ሃርት አታክ የምንለው ይኸው ነው። ብዙዎቹ እንዲህ የሚቀደዱ ክምችቶች ከመቀደዳቸው በፊት ቧንቧውን ግማሽ እንኳ ያላጠበቡ መሆናቸው ይታወቃል። በአገራችን ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ሲወድቅ “መጋኛ መታው” የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ታሪክ የራቀ አይመስለኝም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ የኤልዲኤል መጠን ያለው ድርሻ እንዴት ታወቀ? መነሻው እ.ኤ.አ. 1913 በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ኒኮላይ አኒችኮቭ የተባለ ወጣት ሐኪም ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሟቶ ጥንቸሎችን መገበ፤ የጥንቸሎቹም ቧንቧ የሰው የሚመስል ክምችት አወጣ። በአይጥ ላይ ሲሞከር ግን እንዲያ ስላልሆነ ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ችላ ተባለ። ምክንያቱ በኋላ ሲገባን ቀላል ነበር፤ አይጥ ኮሌስትሮል ብትበላም በደሟ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ጥንቸሏ አይወጣም። ወሳኙ በአፍ የገባው ሳይሆን በደም ውስጥ የሚዞረው መሆኑን ይህ ልዩነት ያን ጊዜውኑ ይናገር ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከሕፃናት የመጣ ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚሰበስብባቸው ተቀባዮች አሉት። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን የዚህ ተቀባይ ዘረመል የወረሰ ሕፃን ኤልዲኤሉ 500 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በክርኑና በጉልበቱ ላይ ቢጫ የስብ እባጭ ይወጣበታል፤ ካልታከመም 20 ዓመት ሳይሞላው፣ አንዳንዴም በአንደኛ ደረጃ ተማሪነቱ፣ የልብ ቧንቧው ሊዘጋ ይችላል። ሕፃኑ አያጨስም፣ ግፊት የለበትም፣ አልወፈረም። ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን በቴክሳስ ዳላስ የእንዲህ ያሉ ሕሙማንን ሕዋሳት አጥንተው ይህን ተቀባይ በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኤልዲኤል ብቻውን ክምችቱን ማምጣት እንደሚችል የሚጠራጠር ሰው ለእነዚህ ልጆች ምን መልስ እንዳለው እኔ አላውቅም።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። በአሜሪካ ለ15 ዓመታት ክትትል ከተደረገላቸው ከ3,000 በላይ ጥቁር አሜሪካውያን መካከል 2.6 በመቶ የሚሆኑት የጉበትን የኤልዲኤል ተቀባዮች የሚያመናምነውን ፒሲኤስኬ9 የተባለ ፕሮቲን በከፊል የሚያጠፋ የዘረመል ለውጥ ይዘው ተወልደው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ ሲታተም የልብ ቧንቧ ሕመማቸው በ28 በመቶ ሳይሆን በ88 በመቶ አንሶ ተገኘ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ የሚያጨሱና የስኳር ሕመምተኞችም ነበሩባቸው።

በእኔ እምነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በስታቲን ላይ የተደረጉና ወደ 170,000 ሰዎችን ያካተቱ 26 ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ላይ ሲተነተኑ፣ ኤልዲኤል በየ39 ሚሊግራም በቀነሰ ቁጥር ከባድ የልብና የደም ቧንቧ አደጋ በ22 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዘረመላቸው የተነሣ በዚያው መጠን ዝቅ ያለ ኤልዲኤል ይዘው የተወለዱ ሰዎች ሲጠኑ ግን የአደጋው መቀነስ ከ50 በመቶ ያልፋል። የቁጥሩ ቅናሽ እኩል ሆኖ ጥቅሙ ከእጥፍ በላይ የተለያየው በዘመኑ ርዝመት ነው፤ አንዱ ወገን መድኃኒቱን ከጀመረ አምስት ዓመት ቢሆነው፣ ሌላው ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ነበር። ቧንቧው የሚቆጥረው የዛሬውን ውጤት ሳይሆን በየዓመቱ ግድግዳው ላይ ያረፈውን እንክብል ድምር ነው። የደም ምርመራ የአንድ ቀን ፎቶ ሲሆን፣ ክምችቱ ግን የዘመን ታሪክ ነው።

ይህ ታሪክ መቼ እንደሚጀምርም ይታወቃል። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲታተም፣ አማካይ ዕድሜያቸው 22 የነበሩት እነዚያ ወጣቶች 77 በመቶ ያህሉ የልብ ቧንቧቸው ላይ በዓይን የሚታይ ለውጥ ነበረባቸው። በጥይት ባይሞቱ ኖሮ ደረታቸውን ሳያማቸው ሌላ ሃያና ሠላሳ ዓመት በኖሩ ነበር። በማድሪድ ደግሞ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት ከ40 እስከ 54 ዓመት የሆናቸውን፣ የማያጨሱና ግፊትም ስኳርም የሌለባቸውን ጤነኛ ሠራተኞች በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ሲመለከት ግማሽ በሚያህሉት ቧንቧ ውስጥ ክምችት አግኝቷል፤ ማን ክምችት እንዳለበትና ማን እንደሌለበት በመለየት ረገድም “ደህና” በሚባለው መጠን ውስጥ እንኳ ኤልዲኤል ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በሌላኛው ጫፍ በቦሊቪያ የአማዞን ጫካ እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱና እያረሱ የሚኖሩት የቺማኔ ሕዝቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ 705 ሰዎቻቸውን በሲቲ ስካን ሲያይ 85 በመቶው የካልሲየም ክምችት አልነበረባቸውም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ተላላፊ በሽታና ጥገኛ ትል ስለሚበዛባቸው በደማቸው ውስጥ ያለው የብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለበሽታና ለጉዳት የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ፣ ምልክት ከፍተኛ ነው። “ችግሩ ብግነት እንጂ ኮሌስትሮል አይደለም” ለሚሉ ሰዎች ይህ ማኅበረሰብ ጥሩ መልስ ይዟል፤ ብግነቱ እያለ ክምችቱ የለም፤ አማካይ ኤልዲኤላቸውም 91 ነው። ብግነት ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም፤ እሳቱን ያጋግላል፤ የሚነደው እንጨት ከሌለ ግን የሚያጋግለው ነገር አይኖረውም። እርግጥ ቺማኔዎች ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀሱ የሚውሉና ብዙም የማያጨሱ ስለሆኑ ሁሉንም ነገር ለኤልዲኤል መስጠት አይቻልም።

አሁን ወደ 2025ቱ ጥናት ልመለስ። ተሳታፊዎቹ 100 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ካርቦሃይድሬትን እጅግ የቀነሰውን የኬቶ አመጋገብ የሚከተሉ፣ ቀጫጭንና በሌላ መለኪያ ጤነኞች ናቸው፤ ወደ ጥናቱ ለመግባትም ኤልዲኤላቸው 190 እና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። የልብ ቧንቧቸው በሲቲ ስካን ተነሥቶ ከዓመት በኋላ እንደገና ሲታይ፣ በዓመቱ ውስጥ የጨመረው ክምችት ከኤልዲኤላቸውም ሆነ ከአፖቢያቸው መጠን ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ የሚያያዘው በመጀመሪያው ቀን ከነበረው ክምችት ጋር ነበር። የተሰራጨው ዜናም ይህ ነው።

ሁኔታውን በምሳሌ ላስቀምጠው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጣለባቸውን መቶ ቤቶች ወስደን በአንዱ ሳምንት ውስጥ የትኛው ጣሪያ የበለጠ እንዳፈሰሰ ብንመረምር፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከጣሪያው እርጅና እንጂ ከዝናቡ መጠን አይሆንም፤ ዝናቡ ለሁሉም ከባድ ነበርና። ከዚህ ተነሥቶ ዝናብ ቤት አያፈስም ማለት ግን አይቻልም፤ ያን ለማለት ዝናብ ያልጣለበት ሰፈር አብሮ መታየት አለበት። በጥናቱ ውስጥ ዝቅተኛ ኤልዲኤል ያለው ቡድን ለንጽጽር አልነበረም፤ ጊዜውም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ደግሞም ቀድሞ የነበረው ክምችት በራሱ ያለፉት ዓመታት ኤልዲኤል የጻፈው መዝገብ ስለሆነ፣ “ክምችት ክምችትን ይወልዳል” የሚለው ግኝት ከነባሩ እውቀት ጋር አይጋጭም። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን ያሳሰበኝ በዜናው ውስጥ ያልተነገረው ነው፦ በእነዚያ ጤነኛ በሚመስሉ ሰዎች ቧንቧ ውስጥ ለስላሳው ክምችት በዓመቱ ውስጥ ጨምሯል። ጥናቱ በወጣ ጊዜ ብዙ የዘርፉ ባለሙያዎች የተቹትም ለዚህ ቁልፍ ውጤት ተገቢው ቦታ አልተሰጠውም በማለት ነበር።

ክምችቱ ከኤልዲኤል ጋር አብሮ እንደሚወርድም በቀጥታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሙከራ 968 የልብ ቧንቧ ሕሙማን ግማሾቹ ስታቲን ብቻ፣ ግማሾቹ ስታቲንና ፒሲኤስኬ9ን የሚያግድ መርፌ ወሰዱ። በቧንቧው ውስጥ በሚገባ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ከ18 ወር ገደማ በኋላ ሲለካ፣ ኤልዲኤላቸው በአማካይ ወደ 37 የወረደው የመርፌ ተጠቃሚዎች ክምችት አነሰ፤ ቅናሹ በመቶኛ ሲሰላ አንድ እንኳ አይሞላም፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል። ቅናሹ ትንሽ መሆኑም የሚነግረን ነገር አለ፤ በአርባ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ዓመት ተኩል አይጠረግም።

የአክስቴ ልጅ የተመካበት የካልሲየም ዜሮስ? ውጤቱ መልካም ዜና ነው፤ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ሃርት አታክ የመያዝ ዕድሉ ዝቅተኛ መሆኑን ያሳያል። ይሁን እንጂ ያ ምርመራ የሚያየው የጠጠረውን ክፍል ብቻ ነው፤ ገንፎውን አያይም። ካልሲየም ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ በ44 ዓመት ዜሮ መሆን በ70 ዓመት ዜሮ ከመሆን ጋር እኩል አይደለም። በዚህ ላይ ስታቲን የጀመረ ሰው የካልሲየም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱ ለስላሳውን ክምችት እያጠነከረ እንዳይቀደድ ስለሚያደርገው ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ ሊተወው ይችላል። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያም ካልሲየሙ ዜሮ ለሆነ መካከለኛ ሥጋት ላለበት ሰው ስታቲንን ለማዘግየት ቢፈቅድም፣ ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ግን ከዚህ ለይቶ መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል።

“ጥሩው ኮሌስትሮል” የሚባለው ኤችዲኤልም ብዙዎችን ያዘናጋል። ከፍ ያለ ኤችዲኤል ያላቸው ሰዎች በአብዛኛው ጤነኞች ቢሆኑም፣ በመድኃኒት ከፍ ማድረግ ግን አልጠቀመም፤ ከ15,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የቶርሴትራፒብ ሙከራ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ሞት በመጨመሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ተቋርጧል። ስለዚህ “ጥሩው መጥፎውን ያካክስልኛል” ብሎ መቀመጥ አይገባም።

በእኛ ማዕድ ላይ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት የረጋው ስብ ነው፦ ቅቤው፣ የሰባው ሥጋ፣ እንዲሁም በከተማ ቤቶቻችን የተለመደው የፓልም ዘይት፣ ስቡ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነውና። በአንጻሩ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ጎመኑ ከብዙ መድኃኒት የማይተናነስ በረከት አላቸው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚከለክለው የኦርቶዶክስ ጾም ለዚህ የሚመች ይመስላል፤ ሆኖም ጾሙ በፓልም ዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳ የሚያልፍ ከሆነና ፍስኩ ላይ ቅቤው የሚካካስ ከሆነ ቧንቧው ልዩነቱን ብዙም አያውቀውም። በስካንዲኔቪያ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ተፈልቶ በወረቀት ሳይጠለል የሚጠጣ ቡና ኤልዲኤልን እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ የእኛም የጀበና ቡና ከዚያ ወገን ስለሆነ፣ ኤልዲኤሉ ከፍ ያለበትና በቀን ብዙ ስኒ የሚጠጣ ሰው ይህን ማወቁ አይከፋም። እንዲህም ሆኖ 198 የሚደርስ ቁጥር በምግብ ብቻ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ለአክስቴ ልጅ በመጨረሻ የጠየቅሁት ስለሚበላው ሳይሆን ስለ አባቱ ነበር። የአክስቴ ባል ደብረ ብርሃን ላይ በ49 ዓመታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ከዚያም አልተነሡም። ደማቸው ተመርምሮ አያውቅም። ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ የተበላሸውን የኤልዲኤል ተቀባይ ዘረመል ከአንድ ወላጁ ይወርሳል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ኤልዲኤሉ ከፍ ብሎ ያድጋል፣ ብዙውን ጊዜም ምንም ሳይሰማው 40ዎቹ ውስጥ ይገባል። ለልጆቹም የማስተላለፍ ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልጅ 50 በመቶ ነው። ይህን ስነግረው ለጊዜው ዝም አለ፤ ቀጥሎም ሐኪሙ ስለ አባቱ ጠይቆት እንደነበር፣ እሱ ግን “በድንገት ነው የሞተው” ብሎ ብቻ እንደመለሰ ነገረኝ።

መድኃኒቱን በየካቲት ጀመረ። በሚያዝያ ወር ሦስተኛ ፎቶ ላከልኝ፤ የእሱ ኤልዲኤል 104 ሆኗል። ከእሱ ሥር የ13 ዓመት ሴት ልጁ ውጤት አለ፦ 187። እሷም እንደ አባቷ በሩጫ ክበብ ውስጥ ናት፤ በግንቦት ከልጆች የልብ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ተይዞላታል።